በርና ባር

«ፊደል ይከበራል እንጂ አይጫወቱበትም።» ይህን ቃል በዚህ ዓመት ብቻ ከሦስት ሰዎች አፍ ሰምቻለሁ። ሦስቱም የተማሩ፣ ሦስቱም መጽሐፍ ወዳጆች፣ ሦስቱም የጎንደር ልጆች ናቸው። የተናገሩትም ስለ አንድ ነገር ነው፤ አራዳ ውስጥ ስላለ የአንድ ጭማቂ ቤት ታፔላ። ታፔላው በላሜራ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለ የእጅ ሥራ ነው። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው አልቆሙም፤ አንዱ ወደ ሌላው ያዘነብላል። የ«ማ» ሁለት ቀለበቶች ለሁለት የተከፈለ ብርቱካን ሆነዋል፤ የ«ቂ» እግር ደግሞ እንደ መጠጫ ስትሮ ጠመም ብሏል። ሠዓሊው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ስሙን አልጻፈም። ነገር ግን ማንበብ የማይችል ሕፃን እንኳ ከሩቅ አይቶ እዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሸጥ ያውቃል።

ወዳጆቼን ያስቆጣቸው ይኸው ነው። ፊደል የቅዱሳት መጻሕፍት ልብስ ነው፤ የብርቱካን ልጣጭ ልናለብሰው አይገባም ይላሉ። እኔ ግን የክርክራቸውን መነሻ ጎንደር ላይ ቆመው በመናገራቸው እጅግ ተደንቄአለሁ። ላልይበላ ላይ ቆሞ ድንጋይ አይፈለፈልም እንደማለት ነውና።

ውድ አንባብያን፣ እስቲ ከግንቡ ዘመን እንነሣ። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1636 ከቆረቆሩ በኋላ፣ በተለይም በልጅ ልጃቸው በአድያም ሰገድ ኢያሱና ከእሳቸው በኋላ በነገሡት ዘመን፣ በዚህች ከተማ የተጻፉት ብራናዎች ምን ይመስሉ ነበር? ሊቃውንቱ «ጉልሕ» የሚሉት ጽሕፈት አለ፤ ሰፊ፣ ወፍራም፣ በገጹ ላይ እንደ ግንቡ ማማ የሚቆም። «ረቂቅ» የሚሉት ደግሞ አለ፤ ቀጭን፣ የተጠጋጋ፣ ብራና ለመቆጠብ የሚመች። ልብ በሉ፤ ሁለት የተለያዩ የፊደል ቅርጾች፣ ሁለት የተለያዩ ጠባዮች ናቸው። ያው «በ» ያው «ለ» ነው፤ ነገር ግን አንዱ የንጉሥ ካባ ለብሶአል፣ ሌላው የተማሪ ደበሎ። ጸሐፊው የትኛውን መቼ እንደሚመርጥ ያውቅ ነበር።

ከጽሕፈቱ በላይ ደግሞ ሐረግ ይመጣል። የመጽሐፉ መክፈቻ ገጽ ራስጌ ላይ የሚጠላለፈው፣ እንደ ስሙ እንደ ሐረግ የሚወርደው፣ አንዳንዴም ወፍ የሚያርፍበት ጌጥ። ቀይ ቀለም የቅዱሳኑን ስም ይለያል። በምዕራፍና በምዕራፍ መካከል ያሉት ነጥቦች እንኳ ዝም ብለው ነጥብ አይደሉም፤ ጥቁሩ በቀይ ተከብቦ እንደ አበባ ይፈነዳል። ዛሬ በኮምፒውተራችን ሰሌዳ ላይ ፠ እና ፨ ተብለው የተቀመጡት ምልክቶች የዚያ አበባ ደረቅ ዘሮች ናቸው። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል «ፊደል አይጫወቱበትም» የሚለው ሕግ የት ነበር? የትኛውስ አለቃ ደነገገው?

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ወደ ጣሪያው ቀና ብላችሁ እንደሆነ፣ እነዚያን በክንፍ የታቀፉ የመላእክት ፊቶች አይታችኋል። ሁሉም አንድ ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ ይለያያሉ። አንዱ ወደ ቀኝ ያያል፣ አንዱ ቅር ያለው ይመስላል፣ አንዱ ፈገግ ሊል ነው። ሠዓሊው ያንኑ ፊት መቶ ጊዜ ደግሟል፤ እጁ ግን አልተደጋገመም። በእጅ የተሣለ ፊደልን ከባነር ፊደል የሚለየው ይህ ነው። አንድ ሰው በእጁ «ላሊበላ ሆቴል» ብሎ ቢጽፍ የመጀመሪያው «ላ» እና የኋለኛው «ላ» ወንድማማች ይሆናሉ እንጂ አንድ ሰው አይሆኑም። ኮምፒውተሩ ግን ያንኑ «ላ» ገልብጦ ያስቀምጠዋል።

አንድ ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ ቁም ጸሐፊ ዘንድ ተቀምጬ ይህን ጉዳይ አንሥቼባቸው ነበር። «የኔታ፣ ፊደል ማስጌጥ ነውር ነው የሚሉ አሉ» አልኋቸው። መቃቸውን እየቀረጹ ነበር፤ ቀና አላሉም። «ልጄ፣ መቃው ሲቆረጥ ጫፉን ሰያፍ ካላደረግኸው እኮ ፊደሉ አይወፍርም አይቀጥንም፤ ክር ነው የሚሆን። መጀመሪያውኑ ጌጡ ያለው መቃው ላይ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ብራና ዋጋ መናደድ ጀመሩ፤ ወደ ፊደሉ ጉዳይ አልተመለስንም። ለእኔ ግን በቂ ነበር።

እዚህ ላይ ተከራካሪዎቼ ሳያውቁት ትክክል የሆኑበት አንድ ነገር እንዳለ አልክድም። ይህንንም ላስረዳ፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ሁሉ የሚጠነጥነው እዚሁ ላይ ነው።

በላቲን ፊደል ጭራ ጭራ ብቻ ነው። የፈረንጅ ሠዓሊ «ኤ» ለተባለችው ፊደል የወይን ግንድ ቢያበቅልላት፣ ጫማ ቢያለብሳት፣ ባርኔጣ ቢደፋላት «ኤ» እንደሆነች ትቀራለች። በእኛ ፊደል ግን ጭራ አናባቢ ነው። «ለ»ን ውሰዱ። በቀኝ ጎኑ መካከል ላይ ትንሽ ጭረት ብታወጡለት «ሉ» ይሆናል። ጭረቱን ወደ እግሩ ብታወርዱት «ሊ» ይሆናል። እግሩ ላይ ቀለበት ብታሥሩለት «ሌ» ነው። ግራ እግሩን ብታሳጥሩት «ላ»። ስለዚህ ለፊደላችን ጌጥ የሚሠራ ሰው ጌጡን እንዳሻው አይረጨውም፤ እያንዳንዷ ኩርባ ድምፅ አላት። ለውበት ብሎ የሚቀጥላት ቅንጣት ቃሉን ትለውጠዋለች።

በጣም የምወደው ምሳሌ የመጠጥ ቤት ታፔላ ነው። «ባር» ብሎ የሚጽፍ ሠዓሊ የ«ባ»ን ግራ እግር ማሳጠር አለበት። ሁለቱ እግሮች እኩል እንዲወርዱ ያደረገ እንደሆነ፣ ለምሳሌ ግራው እግር መጨረሻ ላይ አንዲት ቄንጠኛ ሥር ቢያበቅል፣ የጻፈው «በር» ነው። የሰከረውስ ቢሆን በር መሆኑን መቼ አጣው! በአንዲት እግር ርዝመት መጠጥ ቤቱ ወደ መዝጊያነት ይለወጣል። እጅ ጽሕፈት የሚያውቅ የታፔላ ሠዓሊ ይህን በደሙ ያውቀዋል፤ ፊደል የቆጠረው በጩኸት ነውና። ጌጡን የት እንደሚያኖር ያውቃል፦ በፊደሉ ትከሻ ላይ፣ በውፍረቱ ውስጥ፣ በቀለበቱ ሆድ ውስጥ፣ ከመሥመሩ በላይና በታች ባለው ዝላይ። አናባቢው የሚኖርበትን ቦታ ግን አይነካም። ይህ ጥበብ በየትኛውም ትምህርት ቤት የመማሪያ መጽሐፍ ሆኖ ሲሰጥ አላየሁም። በየአራዳው በየላሜራው ላይ ተበትኖ ነው ያለው፤ ላሜራው ሲወርድ ደግሞ አብሮ ይወርዳል።

እየወረደ ነው። ላለፉት ሃያ ዓመታት ያየነው ይህንኑ ነው። ቀድሞ አንድ ሰው ሱቅ ሲከፍት ሠዓሊ ይጠራል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ቀለም ያስመርጣል። ዛሬ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። አንድ ወጣት ማሽኑ ፊት ተቀምጦ «ጋሼ፣ በየትኛው ፎንት ይሁንልዎ?» ይላል፤ ሰውየው ደግሞ «ባለው» ይላል። ያለው ሁለት ወይም ሦስት ነው። ወጣቱን አልወቅስም፤ ማሽኑ ውስጥ ያልተጫነውን ከየት ያምጣ? ውጤቱ ግን ፀጉር ቤቱም፣ ጥርስ ሐኪሙም፣ የቀብር ዕቃ ሻጩም በአንድ ፊደል መናገራቸው ነው። ባነሩ ላይ ፎቶግራፉ ይለያያል እንጂ ድምፁ አንድ ነው። የጠላ ቤቷ ምልክት፣ ያች በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋችው ጣሳ፣ ከዚህ ሁሉ ባነር ይልቅ ትናገራለች።

በአዲስ አበባም ቢሆን የባሰ እንጂ የተሻለ ነገር የለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያኛው አራዳ፣ በፒያሳ፣ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ በግንባራቸው ላይ የነበረ ጽሕፈትም አብሮ ሄዷል። ስለ ቤቶቹ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተለቅሷል። ስለ ፊደሎቹ ያለቀሰ ግን አላየሁም።

የዚህ ሁሉ ሥር ከኮምፒውተር በፊት ይጀምራል። ፊደላችን መጀመሪያ በማተሚያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ ነው። የኮሎኙ ቄስ ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ፤ ቋንቋውንም «ከለዳዊ» ነው ብሎ ያምን ነበር። የሮም ሐበሾች መነኮሳት ባያስተምሩት ኖሮ ይህንንም አያደርግም። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን እዚያው አሳተሙ። ክብር ይገባቸዋል፤ ነገር ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፊደላችን በብረት ሲቀረጽ አንድ ቅርጽ ይዞ ቀረ። የጉልሕና የረቂቅ ምርጫ፣ የመቃው መወፈርና መቅጠን፣ የጸሐፊው ጠባይ፣ ይህ ሁሉ ወደ አንድ «ማተሚያ ፊደል» ተጨመቀ። ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋምም መጻሕፍት ማብዛቱ እንጂ የፊደል ቅርጽ ማብዛቱ ዋና ሥራው አልነበረም፤ ሊሆንም አይችልም። የጽሕፈት መኪናው ዘመን ደግሞ የባሰ ነበር። ከሁለት መቶ በላይ ቅርጾችን በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ስለማይቻል አናባቢዋ ለብቻዋ እየተመታች በፊደሉ ጎን ትለጠፍ ነበር። የድሮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያየ ሰው እነዚያን ከአካላቸው የተለዩ እግሮች ያስታውሳቸዋል።

በዚያ ሁሉ ዘመን ጨዋታውን ያቆየው ማን ነው? የታፔላ ሠዓሊው፣ የካሴት ሽፋን ሠሪው፣ የመጽሐፍ ሽፋን ሠዓሊው። በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ዘመን የወጡ ልቦለዶችን ከመደርደሪያችሁ አውጡና ሽፋናቸውን ተመልከቱ። የታሪኩን ጠባይ ከርዕሱ ፊደል ላይ ታነቡታላችሁ፤ አንዱ እንደ ቢላ የሾለ፣ ሌላው እንደ ጭስ የሚትነን። አሁን የሚወጡትን ደግሞ አጠገባቸው አስቀምጡ። ፎቶግራፉ ከኢንተርኔት የመጣ፣ ፊደሉ ከማሽኑ ጋር አብሮ የመጣ፣ ከጀርባው ደግሞ ጥቁር ጥላ የተደረገለት። ደራሲው አራት ዓመት የደከመበትን ልቦለድ ርዕሱን በአራት ደቂቃ ያስጽፈዋል። ይህን የምለው ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ስለሆነ ነው፤ ስለ ቃል ምርጫ ሌሊቱን ሙሉ የምንከራከር ሰዎች ቃሉ ስለሚለብሰው ልብስ አንድ ሰዓት አንከራከርም።

ኮምፒውተሩ ራሱ ግን ጠላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ዛሬ በየጊዜው የተጨመሩትን ሁሉ ይዞ ከ500 በላይ ምልክቶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ለገበያ ሲቀርብ «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ፤ በደጋ አጋዘናችን ስም የተጠራ፣ ለንባብ የሚመች፣ ጨዋ ፊደል። ጨዋ ስለሆነም በየታፔላው ላይ ተሰቀለ፤ ያልተሠራበትን ሥራ ሠራ። የጽሕፈት ቤት ልብስ ለብሶ ሠርግ እንደሚጨፍር ሰው ማለት ነው። ጥፋቱ የኒያላ አይደለም።

ከዚያም በፊት፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ.፣ ሰናምርምር የተባለ ፕሮጀክት በነፃ ያደላቸው ፎንቶች ነበሩ፤ ዛሬም በሊኑክስ ማከማቻዎች ውስጥ ይገኛሉ። ስማቸውን ብቻ ስሙት፦ ውቅያኖስ፣ የብስ፣ ጅረት፣ ዘላን፣ ዋሽራ። ባሕርና ምድር ተለይቶ፣ ወንዝ ወርዶ፣ የጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤትም ተጨምሮበት! ስም አወጣጡ ብቻ የአገር ልጅ እጅ ያለበት መሆኑን ይመሰክራል። ከእነዚህም መካከል በይገዙ ብሥራት ስም የተሰየሙ ሁለት አሉ፤ የአንዱ ስም «ጎፈር» ነው። ፊደልን ጎፈር ብሎ መጥራት እንዴት ያለ ድፍረት ነው! ጎፈር የለበሰ ፊደል ለቅዳሴ መጽሐፍ አልታሰበም፤ ለአደባባይ ነው የታሰበው። ይህ መንገድ ተከፍቶ ነበር። እኛ ግን ብዙም አልሄድንበትም።

ለምን አልሄድንበትም የሚለውን ለመመለስ ቁጥር ይበቃል። ለላቲን ጌጠኛ ፎንት የሚሠራ ሰው 26 ትልልቅና 26 ትንንሽ ፊደላትን ስሎ፣ ቁጥርና ነጥብ ጨምሮ፣ ለሽያጭ ያቀርባል። የእኛው ሠዓሊ ግን 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231፣ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ከዚያም በላይ መሣል አለበት፤ እያንዳንዱንም እየሣለ አናባቢውን እንዳይነካ መጠንቀቅ አለበት። ጨርሶ ሲያወጣው ደግሞ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል እንጂ ገንዘቡ አይመለስለትም። እንግዲህ በዚህ ሒሳብ ማን ይጫወት? ማተሚያ ቤቶች፣ አሳታሚዎች፣ ባንኮች ለአንድ ቢልቦርድ የሚያወጡትን ገንዘብ እያወቅን፣ ለፊደሉ ራሱ የሚከፈለው ባዶ መሆኑ ሊያሳፍረን ይገባል።

ሌላ ወገን ደግሞ አለ፤ ከአክብሮት ወገኖች ይልቅ እኔን የሚያናድደኝ እርሱ ነው። ይህ ወገን ጨዋታን ይወድዳል፤ ነገር ግን ጨዋታውን ከላቲን ይዋሳል። የፈረንጅ ብሩሽ ፎንት ያይና የ«ጎንደር»ን «ጎ» በዚያ ልክ ያጣምማታል። ከላቲን ፊደል የተቆረጠ እግር ለ«ሐ» ይተክልላታል፤ «ዐ»ን ዜሮ ያደርጋታል። ሲጨርስ ከሩቅ እንግሊዝኛ የሚመስል፣ ከቅርብ ምንም የማይመስል ነገር ይሆናል። «ዘመናዊ ነው» ይለናል። የኛ ፊደል የራሱ የብዕር አካሄድ አለው፤ ቁልቁል የሚወርደው ይወፍራል፣ የሚያገናኘው ይቀጥናል፣ ራሱ ላይ ሰያፍ ቁርጥ አለው። ከዚህ ተነሥቶ የተጫወተ ሰው እስከፈለገው ድረስ ቢሄድ ፊደሉ ፊደል ነው። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍን ተመልከቱ። ፊደሎቹን ይቆራርጣቸዋል፣ ይገለብጣቸዋል፣ ያስጨፍራቸዋል፤ ብዙዎቹን ሥዕሎቹን ማንም «አያነባቸውም»፤ ነገር ግን የየት አገር ፊደል እንደሆኑ አንድም ሰው አይጠራጠርም። እርግጥ እርሱ የሚሠራው ሥዕል እንጂ ፎንት አይደለም። የመቃውን አካሄድ ግን አልካደም።

ፈረንጆቹ ራሳቸው በዚህ ነገር የተፈተኑበት ታሪክ አለ፤ ለትምህርት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1994 ቪንሰንት ኮነር የተባለ የማይክሮሶፍት ባለሙያ፣ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አንድ የካርቱን ውሻ በደረቅ የመጽሐፍ ፊደል ሲናገር አይቶ ቅር አለው። ውሻ እንደ ጠበቃ አይናገርም ብሎ ከኮሚክ መጻሕፍት ፊደል ተነሥቶ «ኮሚክ ሳንስ»ን ሠራ። ከዚያ ይህ የውሻ ፊደል በየመቃብሩ፣ በየሐኪም ቤቱ፣ በየፖሊስ ማስታወቂያው ላይ ወጣ። ይታገድ የሚል ዘመቻ ተነሣበት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 የሰርን ሳይንቲስቶች የሂግስ ቅንጣትን ግኝት ሲያበሥሩ ከማብራሪያ ገጾቻቸው መካከል በዚሁ ፊደል የተጻፉ ነበሩበት፤ ዓለም ስለ ቅንጣቱ እኩል ስለ ፊደሉ አወራ። የአክብሮት ወገኖች ይህን ታሪክ «አያችሁ!» ብለው ይጠቅሱታል። እኔ ግን ተቃራኒውን ነው የማነብበው። ሰው በፊደል ጠባይ የሚሣለቀው፣ የሚቆጣው፣ የሚሟገተው ምርጫ ሲኖረው ነው። እነርሱ «ይህ ፊደል ለዚህ ቦታ አይመጥንም» ለማለት የሚያስችል ሀብት አላቸው። እኛ ግን የቀብር ማስታወቂያችንና የልደት ጥሪያችን በአንድ ፊደል ሲወጣ የምንቆጣበት እንኳ የለንም።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃቴ ልምጣ። ጎንደር ውስጥ አዲስ የተከፈቱ ካፌዎችን ተመልከቱ። የእንግሊዝኛው ስም በላይ ይጽፋሉ፤ ተጠማዝዞ፣ ተቀልሞ፣ የቡና ጭስ ተሠርቶለት፣ ልብ ተሥሎበት። አማርኛው ከሥሩ በትንሹ፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ይቆማል። የልጆች ልብስ መሸጫው፣ የኬክ ቤቱ፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ በር እንዲሁ ነው። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ በየዕለቱ ይህን እያየ ያድጋል። ደስታ ያለው በላቲን ፊደል ነው፤ በግዕዝ ፊደል ያለው ማስጠንቀቂያ፣ የግብር ማስታወቂያ፣ የፈተና ወረቀትና የለቅሶ መርዶ ነው። ይህ ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው የፍቅር ደብዳቤውን በላቲን ፊደል አማርኛ ቢጽፍ ምን ይገርማል? አሁንም እየጻፉ ነው። እኛ ደግሞ ጽሑፋችንን አያነብም ብለን እናዝንበታለን። ያልሣቀ ፊደል ሳቅ አይጻፍበትም። ፊደልን ያከበሩ የሚመስላቸው ሰዎች፣ ከጨዋታ ሜዳ ሲያስወጡት ከልጆች እጅ እንዳወጡት ልብ አላሉም።

ይህን ሳነብብላቸው ከሦስቱ ወዳጆቼ አንዱ በቁጣ ጣልቃ ገባ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሆነውን እያወቅህ፣ ጎብኚ ጠፍቶ፣ ሱቅ ተዘግቶ፣ ሰው በሰላም ወጥቶ መግባት ብርቅ በሆነበት ጊዜ፣ ስለ ፊደል ጌጥ ትከራከራለህ? አለኝ። ጥያቄው ይከብዳል፤ አቅልዬም አልመልሰውም። ነገር ግን ያ ጭማቂ ቤት የተከፈተው በዚሁ ጊዜ ነው። ባለቤቱ ባነር ማሳተም ይችል ነበር፤ ባለው ገንዘብ ሠዓሊ ጠራ። ሠዓሊውም ብርቱካን ሣለ። ጊዜው ከፍቷልና ይህ ታፔላ ነውር ነው ማለት የምችል ሰው አይደለሁም፤ እንዲያውም በዚያ መንገድ ሳልፍ ቆም ብዬ የማየው እርሱኑ ነው።

እና ምን ይደረግ? ገንዘብ ያለው ተቋም ቢነሣ ደስ ይለኛል፤ እስከዚያው ግን ተንቀሳቃሽ ስልክ የሌለው ሰው የለም። ከክረምቱ በፊት አራዳን፣ ፒያሳን፣ ቅዳሜ ገበያን እየዞርን የቀሩትን የእጅ ታፔላዎች ፎቶ እናንሣ፤ ዝናቡና ዝገቱ አይጠብቁንም። ፎንት መሥራት የሚችሉ ወጣቶች ከዚያ ይነሡ፤ ከጉልሑ ጽሕፈት ውፍረቱን፣ ከሐረጉ መጠላለፉን፣ ከላሜራው ድፍረቱን ይውሰዱ። በሕይወት ያሉትን ሠዓሊዎች ይጠይቁ፤ ስማቸውን በፎንቱ ላይ ያኑሩ፤ ገንዘብ የተገኘ እንደሆነም ያካፍሉ። ዛሬ ኦፕንታይፕ የሚባለው አሠራር አንድን ፊደል በሦስት በአራት መልክ አኑሮ በየተራ እንዲያወጣው ያስችላል፤ ስለዚህ የላሊበላ ሁለቱ «ላ»ዎች እንደ ጥንቱ ወንድማማች መሆን ይችላሉ። ገጣሚዎችም አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ይህ ፎንት የወጣ ዕለት ግጥማችሁን በሙሉ እንዳትጽፉበት! ለርዕስ ነው፤ ለሽፋን ነው፤ ለታፔላ ነው። ሃያ ስንኝ በጎፈር ማንበብ ዓይን ይቆጠቁጣል። ርዕሱ ይጨፍር፤ ስንኙ ይቀመጥ።

አንድ ወጣት ሠዓሊ ይህን ሐሳብ ነግሬው ከየትኛው ፊደል ልጀምር አለኝ። እንደ ሥርዓቱ ከ«ሀ» ነበር የሚጀመረው። እኔ ግን «ጨ»ን አልሁት። ጨዋታ የምትጀምረው በእርሷ ናት፤ ሦስት እግሮች አሏት፣ ዳርና ዳር ያሉት ደግሞ ቀለበት አሥረዋል። እንደ ሕፃን ጫማ ቢሥላቸው ማንም በሌላ ፊደል አይሳሳታትም። ሰኞ ሁለት ንድፍ ይዞልኝ መጣ፤ የ«ጬ» ቀለበት ገና አልተስማማንበትም።